ክዳን ላይ የተጻፈ ቁጥር

በምርመራ ክፍሉ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ትልቁም ትንሹም «ወይዘሮ ግራም» ይላታል፤ ፊት ለፊቷ ሳይቀር። እሷም አትከፋም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እህልና ዱቄት ስትመዝን የኖረች ሴት ሌላ ምን ልትባል ኖሯል? ሽንኩርት ስትገዛ ዓይኗ ከሽንኩርቱ ይልቅ ነጋዴው ሚዛን ላይ ነው። ሻይዋ ውስጥ የምትጨምረውን ስኳር በቢላ ጀርባ ጠርጋ ከማንኪያው አፍ ጋር ታስተካክላለች። «ትንሽ ጨው ጨምሪበት» ያላት ሰው «ትንሽ ማለት ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ይወድቅበታል። ባል ያላገባችው ልኳ የሚሆን ጠፍቶ ነው እያሉ ባልደረቦቿ ይቀልዱባታል፤ አብራቸው ትስቃለች።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። እናቷ «ሚጢጢን አደራ» ብላት ነው የሞተችው። ሚጢጢ ታናሽ እህቷ ናት፤ ስትወለድ መዳፍ የማትሞላ ስለነበረች ቅጽል ስሟ በዚያው ቀረ። ያኔ ሚጢጢ ስድስት፣ እሷ ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር። ትንሿን ስታበላ፣ ስታስተምር፣ ስትድር የራሷ ጊዜ እንደ ዋዛ ሄደ። አሁን ሚጢጢ የሁለት ሴቶች ልጆች እናት ናት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ እሱ የተወላትን መሬት ከከተማው ዳር፣ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ከሚያስኬድ ቦታ ላይ እያረሰች ትኖራለች።

ወይዘሮ ግራም ለአዲስ ሠራተኛ የምታስተምረው ሦስት ነገር ነው። ሁለት ብልቃጥ ባንድ ጊዜ አይከፈትም። ቁጥር የሚጻፈው ብልቃጡ ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ አይደለም፤ ክዳን ይዛወራል። ያልመዘኑት ነገር አይወራም። ዛሬ የክፍሉ ኃላፊ የሆነው ጎልማሳ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እሷው ናት ያሠለጠነችው። አንድ ቀን ክዳን ላይ ጽፎ ብታገኘው ስድስት ብልቃጥ የተፈጨ ናሙና አስደፍታ እንደገና አስፈጨችው። እስከ ዛሬ ያን ቀን ባነሳ ቁጥር ጆሮውን ይዳብሳል፤ ጆሮውን ግን ነክታውም አታውቅ።

በዚያ ሳምንት የመጣው እህል አማራንት ነበር፤ አንዳንዱ ሰው አሉማ የሚለው። ዘሩ ከመርፌ ዓይን ብዙም አይበልጥም። ክብ ነው፤ ፈዘዝ ያለ ቢጫ፤ መዳፍ ላይ ሲያፈሱት በጣት መሃል ሾልኮ የሚያመልጥ። ወይዘሮ ግራም ትወደዋለች። «ይቺን ታህል ሆና የተሸከመችው ጉድ!» ትላለች። ከመቶ ግራሙ ውስጥ ውሃው አሥራ አንድ ያህል ነው፤ ፕሮቲኑ አሥራ ሦስት ተኩል ገደማ፤ ቅባቱ ሰባት፤ ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ሦስት ሊሞላ ጥቂት የጎደለው፤ የቀረው ስታርችና አሰር ነው። ፕሮቲኑም እንዲሁ ፕሮቲን ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ስንዴና በቆሎ የሚያንሳቸው ላይሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል እዚህ ጠርቀም ብሎ ይገኛል። አመዱ ውስጥ ብረት አለ፣ ካልሲየም አለ፣ ማግኒዚየም አለ። እርግጥ ነው፣ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይዞ ለሆድ አልሰጥም የሚል ፋይቴት የሚባል ነገርም አለበት፤ ነክረው ካጎነቆሉት ግን ላላ ይላል። ይህን ሁሉ ስትናገር ስለ ጎበዝ ተማሪዋ የምታወራ አስተማሪ ነው የምትመስለው።

አማራንቱን የፈለገው ከከባድ የምግብ እጥረት የሚያገግሙ ሕፃናትን የሚያስተኛ ሆስፒታል ነው። ሁለት ገበሬዎች ቀረቡ፤ የሚወሰደው የአንዱ ብቻ ነው። ናሙናው የመጣው ያለ ስም፣ አሥራ አራት እና አሥራ ሰባት የሚል ቁጥር ብቻ ተለጥፎበት ነው። በዘመድ እንዳይሠራ ተብሎ የወጣ ደንብ ነው፤ ደንቡን ያረቀቀችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

ሁለቱ ናሙናዎች በፕሮቲንም በቅባትም እህትማማች ነበሩ። የተለያዩት አመዱ ላይ ነው። ዱቄቱ በትንንሽ ነጭ ጽዋዎች ሆኖ ምድጃ ውስጥ ይቃጠላል፤ የቀረው አመድ በአሲድ ይታጠባል። የዘሩ ማዕድን በአሲድ ይሟሟል፤ አሸዋ ግን አሲድ ምንም አያደርገውም፤ ቁጭ ይላል። ከአሥራ አራት ምንም የሚባል አሸዋ አልተገኘም። ከአሥራ ሰባት በመቶ ግራም አንድ ነጥብ ሁለት ግራም ተገኘ። ይህ ማለት በአንድ ኩንታል ውስጥ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም አሸዋ፣ ያውም ከሞት ለተረፈ ሕፃን ሆድ! ወይዘሮ ግራም ንድድ አላት። «አሥራ አራት አልፏል፤ አሥራ ሰባት ወድቋል» ብላ ፈረመች። ደብዳቤው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሽማግሌ በናሙና መቀበያዋ ትንሽ መስኮት በኩል ብቅ አሉ። ኮታቸው ንጹሕ ነው፤ ጫማቸው አቧራ ጠጥቷል።

«ልጄ፣ አሥራ ሰባት ቁጥር የኔ ነው» አሏት።

«አባባ፣ ቁጥርዎን ለኛ መናገር አይፈቀድም።»

«እንግዲህ ተናገርኩ። አሸዋ አለበት ብላችሁ ጣላችሁብኝ። እኔ ሸራ ላይ ነው ያደረቅሁት። ከሸራው የወረደውን እንኳ ለዶሮ ነው የሰጠሁት፤ አንድም ፍሬ አልመለስኩም።»

«የተገኘውን ነው የጻፍነው።»

ሽማግሌው ዘር የቋጠሩበትን መሐረባቸውን ፈቱ። ቆንጠር አድርገው አፋቸው ውስጥ ጨመሩና ጆሮዋን ወደ መስኮቱ እንድታስጠጋ በእጃቸው እየጠቀሱ አኘኩ። «ስሚ! የታለ?»

«አባባ፣ ጥርስ ይሳሳታል። ሚዛን አይሳሳትም።»

«ሚዛኑን የያዘውስ ሰው?»

ደሟ ፈላ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ የሚሉ ስንቶችን ሸኝታለች! «ይቅርታ፣ ሥራ አለብኝ» ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ሽማግሌው ግን አልሄዱም። ከግቢው ዛፍ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ መሐረባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ከመቀበያው ጠረጴዛ ቀና ባለች ቁጥር በመስኮቱ መስታወት ይታዩአታል። ጀርባዋን አዙራ ሠራች።

አራት ሰዓት ላይ ስልኳ ጮኸ። ሚጢጢ ነበረች።

«እትዬ! አለፍኩ! አለፍኩ እኮ!»

«ምኑን ነው ያለፍሽው? ቀስ ብለሽ አውሪ እስቲ።»

«አማራንቱን ነዋ! በቆሎ ነው የዘራሁት ያልኩሽ ውሸቴን ነው። በእህቷ አለፈች እንዳይሉኝ፣ አንቺንም እንዳያሙብኝ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። አሥራ አራት ቁጥር እኔ ነኝ! አሥራ ሁለት ኩንታል፣ እትዬ! መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ሊጭን ይመጣል። ከዚህ በኋላ ሆስፒታሉ በየመኸሩ ከኔ ነው የሚወስደው። ልጆቼን ከዚህ ይዤ የትም አልሄድም፤ መሬቱን አልሸጥም፤ አለቀ!»

የወይዘሮ ግራም አንጀት ቅቤ ጠጣ። ሚጢጢ መሬቱን ሸጣ የሰው ቤት ልትቀጠር ስታስብ እንደነበር ታውቃለች፤ ክረምቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነበር። ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ እየጠረገች፣ እንደ ልማዷ ደግሞ ልኩን ለማወቅ፣ «እንዴት አድርገሽ ነው እንዲህ ያጠራሽው ግን? ከአሥራ አራት እኮ ምንም አሸዋ አልወጣም» አለቻት።

«እኔም ገርሞኛል! ሸራው በንፋስ ተቦጫጭቆ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ነው ያሰጣሁት። ብቻ ሦስት ጊዜ በወንፊት ነፋሁት። ፈርቼ ነበር እኮ። ደብዳቤው ሲመጣ እግዜር ነው ያጠራልኝ አልኩ።»

መሬት ላይ የተሰጣ አማራንት አሸዋ ይይዛል። የዚያ መሬት አሸዋ ደግሞ መጠኑ ልክ እንደ ዘሩ ነው፤ ዘሩ ባለፈበት የወንፊት ቀዳዳ አሸዋውም ያልፋል። ሦስት ጊዜ አይደለም፣ ሠላሳ ጊዜ ቢነፉት ያው ነው። እግዜር የፈለገውን ያህል ቢራራ በወንፊት ይህን አያጠራም።

«እትዬ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«እያለቀስሽ ነው እንዴ?»

«መልሼ እደውልልሻለሁ፣ ሚጢጢዬ።»

ስልኩን አስቀመጠችና ሰኞን አስታወሰች። ለማስታወስም ብዙ አልደከመች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ሲቆረቁራት ሰንብቶ ነበር፤ ቦታ አልሰጠችውም እንጂ። ሰኞ አዲስ ብልቃጦች መጥተው ነበር። ከፋብሪካ ሲወጡ የተቀቡት ቅባት አልለቀቀ ኖሮ የእስክሪብቶው ቀለም ብርጭቆው ላይ አልይዝ አለ። «ለአንድ ሰዓት ነው፤ ኋላ አጥቤ እጽፍበታለሁ» አለችና ቁጥሩን ክዳኖቹ ላይ ጻፈችው። እሷ! ከዚያ ሥራ ስለተደራረበባት የሁለቱንም ብልቃጥ ክዳን ባንድ ጊዜ ከፍታ ልትመዝን ስትል መብራት ድርግም አለ። የሚዛኑ ክፍል መስኮት የለውም። ዱቄቱ እርጥበት እንዳይጠጣ ብላ በጨለማው ውስጥ ክዳኖቹን በዳበሳ አንስታ ገጠመቻቸው። መብራቱ ሲመጣ ሁለቱም ብልቃጦች በሥርዓት ተከድነው ቆመዋል። ብርጭቆውን በአልኮል ወልውላ፣ ከክዳኑ እያየች፣ ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፏ ቁጥሩን ብልቃጦቹ ላይ ገለበጠችው። ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ ሁሉ እንከን አልነበረውም።

ወደ ናሙና ማስቀመጫው ክፍል ገባች። ያልተፈጨው ዘር ታሽጎ በየከረጢቱ ተቀምጧል፤ ቁጥሩም ከመጀመሪያው የተጻፈው ከረጢቱ ላይ ነው። የአመድ ምርመራው እስከ ነገ አይደርስም። መኪናው ደግሞ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። በሩን ከውስጥ ቀረቀረች፤ የአሥራ ሰባትን እሽግ ቀደደች፤ ቆንጠር አድርጋ አፏ ውስጥ ጨመረች። ልስልስ ያለ፣ ትንሽ የአፈርና የለውዝ ጣዕም ያለው ነገር ነው። ምንም የለም። ደጋግማ አኘከች፤ ምንም የለም። አፏን ተጉመጥምጣ አሥራ አራትን ከፈተች። ገና በሁለተኛው ማኘክ መንጋጋዋ ውስጥ ቅጭጭ አለ።

ከፍ ያለ ድምፅ አልነበረም፤ የሰማችው እሷ ብቻ ናት። አንድ ማንኪያ ዘር በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምራ አሾረችው፤ ዘሩ በዝግታ ሲዞር ከሥሩ የብርጭቆውን መሃል የያዘ ግራጫ ነገር ቀድሞ አረፈ። የሚጢጢ ግቢ አፈር ነው።

አራት ከሃያ ነበር። እሽጎቹን ፊቷ አስቀምጣ ተቀመጠች።

ሰው አያውቅም። ይህ ነበር መጀመሪያ የመጣላት፤ አልሸሸገችውም። ሰው አያውቅም፤ መቼም አያውቅም። ደብዳቤው ወጥቷል፣ ፊርማው የሷ ነው፣ የሷ ፊርማ ደግሞ ተጠይቆ አያውቅም። ዝም ካለች ሚጢጢ መሬቷን ትይዛለች፤ ልጆቹ ከቤታቸው ሆነው ይማራሉ፤ እናቷ የጣለችባት አደራ ዳር ይደርሳል። ምናልባት ሆስፒታሉ ውስጥ አንዷ ምግብ አብሳይ ታጥበው ይሆናል። ምናልባት። «ያልመዘኑት ነገር አይወራም» ስትል የኖረች ሴት ምናልባትን ስትቆጥር ራሷን ያዘችው። ከዚያ ደግሞ ሕፃናቱ መጡባት፤ አይታቸው አታውቅም፣ ግን ምን ያህል እንደሚመዝኑ ታውቃለች፤ ከሆስፒታሉ የሚመጣው ማመልከቻ ላይ ክብደታቸው ይጻፋል። የሁለት ዓመት ልጅ፣ ስድስት ኪሎ። ስድስት ኪሎ ከሦስት መቶ።

ክፍሉ ጥግ የቆመው ሰዓት አምስት ሲል ተነሳች። አፏ ውስጥ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ነበረች፤ በምላሷ ፈልጋ አወጣቻትና ጣቷ ላይ አየቻት። በመጠን ከዘሩ አትለይም።

ኃላፊው ቢሮው ውስጥ ለብቻው ነበር። ሰው ሲኖር «እርስዎ» ትለዋለች፤ ሰው ከሌለ ያው ያሳደገችው ነው።

«ስማኝ» አለችው። «ረቡዕ የወጣውን ደብዳቤ ሻረው። አሥራ አራትና አሥራ ሰባት ተገላብጠዋል። የገለበጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ኃላፊው መጀመሪያ ሳቀ፤ እየቀለደች መስሎት ነው። ፊቷን ሲያይ ሳቁ ጠፋ። «እንዴት ሊሆን ይችላል?»

«ክዳን ላይ ጻፍኩ።»

እጁ ሳያስበው ወደ ጆሮው ሄደ። «ተቆጣጣሪዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚመጡ ያውቃሉ። ይህን ካዩ ክፍሉን ሊዘጉብን ይችላሉ። እስቲ ምርመራውን እንድገመውና ነገ...»

«ነገ ሕፃናቱ በልተውታል። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ነው።»

«የአሥራ አራት ባለቤት ምን ሊል ነው? ይከሰናል እኮ!»

«አትከስም» አለች። «እህቴ ናት። ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ኃላፊው ቀና ብሎ አያት። አንድ ቃል ሊናገር አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ሊል የፈለገውን ታውቀዋለች፤ ቅድም ለራሷ ስትለው ነበር። «ባያወሩትስ ኖሮ?» የሚል ነገር ነው። ግን አላለውም፤ ለዚህም ውስጧ አመሰገነችው። ስልኩን አንስቶ የሆስፒታሉን ዕቃ ግምጃ ቤት ጠራ፤ መኪናው እንዳይወጣ፣ የሁለቱም ናሙና ምርመራ እንደሚደገም ነገረ። እሷ እዚያው ቆማ የስህተት መዝገቡን ከፈተች። ሃያ ሰባት ዓመት የሌሎችን ስም ስትጽፍበት የኖረችው መዝገብ ነው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መብራት መጥፋቱን፣ ክዳኑን፣ ጨለማውን፣ ሁሉንም ጻፈች።

«እስኪጣራ ድረስ» አለ ኃላፊው ጠረጴዛውን እያየ፣ «ናሙና እንዲነኩ አልፈቅድልዎትም። ደንቡ...»

«ደንቡን እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለችና ጋዋኗን አወለቀች።

ሽማግሌው አሁንም ከዛፉ ሥር ናቸው። ፊታቸው ስትቆም ለመነሳት ሞከሩ፤ በእጇ ከለከለቻቸው።

«አባባ፣ ጥርስዎ ልክ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ነገ አዲስ ደብዳቤ ይደርስዎታል።»

ይደነፋሉ፣ ይሰድቡኛል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ቢሰድቧት ይቀላት ነበር። እሳቸው ግን መሐረባቸውን ቀስ ብለው ቋጠሩና፣ «ያኛውስ?» አሉ። «አልፈሃል ተብሎ የነበረው ሰውዬ? ምን ሊሆን ነው?»

ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄደች።

የአውቶቡሱ አርባ ደቂቃ አላልቅ አላት። በስልክ ልትነግራት አስባ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ቁጥሩን ጀምራ ተወችው። ይህ በስልክ አይነገርም። ከአውቶቡስ ወርዳ የአፈሩን መንገድ ስትይዝ ከሩቅ ግቢው ታያት። በሩ ተበርግዷል። መንገዱ ተጠርጓል። አሥራ ሁለት ጆንያ አፋቸው ተሰፍቶ በሩ አጠገብ ተደርድረዋል፤ ሁለቱ ልጆች ከላይ ተቀምጠው እግራቸውን ያወዛውዛሉ። ሚጢጢ ያለቻትን ጥሩ ቀሚስ ለብሳ በእጇ ዓይኗን ከፀሐይ ከልላ ወደ መንገዱ ታያለች።

«እትዬ! አንቺም መጣሽ! ልጆች፣ ውረዱ፣ አክስታችሁ መጣች!» ሮጣ አቀፈቻት። ወይዘሮ ግራም እንደ ግንድ ቆመች።

«ሚጢጢ፣ መኪናው አይመጣም።»

ነገረቻት። ቆማ፣ አንድም ነገር ሳታስቀር፤ ስለ ብልቃጦቹ፣ ስለ መብራቱ፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ ሽማግሌው። ስትጨርስ የሚጢጢ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

«ማን ነገረሽ?» አለች በመጨረሻ። «መሬት ላይ እንዳሰጣሁት ማን ነገረሽ?»

«አንቺ።»

«ባልደውልልሽስ ኖሮ?»

«አላውቅም ነበር።»

«ስለዚህ በደስታዬ ነው የያዝሽኝ!» ብላ ጮኸች። «ለማንም አልነገርኩም እኮ! ገና ደብዳቤውን ሳላጥፈው ላንቺ ነው የደወልኩት! ዝም ማለት ያቅትሻል? አንድ ጊዜ? ለኔ?»

«አርባ ደቂቃ ዝም ብዬ ነበር።»

ትልቋ ልጅ ታናሿን እጇን ይዛ ወደ ቤት አስገባቻት። ወይዘሮ ግራም የራሷ ድምፅ ከሩቅ የሚመጣ መሰላት፤ «ልክ አርባ ደቂቃ። በር ዘግቼ። ላሳልፍልሽ ነበር፣ ሚጢጢ። ወስኜም ነበር። ከዚያ የሆስፒታሉ ሕፃናት ኪሎ ትዝ አለኝ» አለች።

ሚጢጢ ዞር ብላ ገባችና ቢላዋ ይዛ ወጣች። ወይዘሮ ግራም ደነገጠች፤ ቢላዋው ግን ወደ ጆንያው ነው የሄደው። ከፊት ያለውን ስፌት ቀዳ እጇን እስከ ክርኗ ሰደደች፤ ጭብጥ ሙሉ አውጥታ አፏ ውስጥ ከተተች። አኘከች። ሁለቱም ሰሙት። ሌላ ጭብጥ ከተተች፤ እሱም ያው ነው። መሬቱ ላይ ተፋችውና ጆንያው ላይ ዘፍ አለች።

«ሦስት ጊዜ ነፍቼዋለሁ» አለች፤ ለማንም አልነበረም።

«በወንፊት አይወጣም። መጠናቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ክብደት ነው፤ ካንገዋለሉት አሸዋው ወደ ታች ይወርዳል።»

«አሥራ ሁለት ኩንታል?»

«አሥራ ሁለት ኩንታል። ለሚቀጥለው ጨረታ ይደርሳል። እኔ ግን አልመዝነውም፤ ሌላ ሰው ነው የሚመዝነው። እኔ ናሙና እንዳልነካ ታግጃለሁ።»

ሚጢጢ ቀና ብላ እህቷን አየቻት፤ ከመጣች ወዲህ ገና አሁን ነው ጋዋን አለመልበሷን ያስተዋለችው። «አንቺን? አንቺን አገዱሽ?»

«አዎ።»

ሚጢጢ ተነሳች። ጥሩ ቀሚሷን ቀይራ፣ ሁለት ሰፋፊ ትሪ ይዛ ተመለሰች። አንዱን እህቷ እግር ሥር ኳ አድርጋ ጣለችው።

«እንግዲያ ይህን ንኪ። ግን እንዳታናግሪኝ፤ ገና አልታረቅሁሽም።»

ጎን ለጎን ተቀምጠው አንገዋለሉ፤ ዘሩ ትሪው ላይ እየሾረ ሲሄድ አሸዋው ከታች ይቀራል፤ እሱን እየጠረጉ አንድ ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ይጨምሩታል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገና አንድ ጆንያ አልተጋመሰም፤ የወይዘሮ ግራም ወገብ ሊቆረጥ ደርሷል፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው አሸዋ ግን ጣት ያህል ከፍታ ይዟል። ሚጢጢ ብልቃጡን አንስታ በፀሐዩ በኩል አየችው። ትልቋን ልጅ ጠርታ የደብተሯን እስክሪብቶ ተቀበለቻት። ክዳኑን ገጥማ አጠበቀችው። ከዚያ ክዳኑን በአንድ እጇ ከልላ፣ ብርጭቆው ላይ ተጭና፣ ቀለሙ እስኪይዝ ደጋግማ «14» ብላ ጻፈችና ለእህቷ ዘረጋችላት።

«ላንቺ ነው» አለቻት። «ቤትሽ አስቀምጪው።»

ወይዘሮ ግራም ብልቃጡን ተቀብላ ጭኗ ላይ ያዘችው። ስንት ግራም እንደሚሆን አልገመተችም።